የጠፋው ሁለተኛ ሰው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ 20,000 ፓኮ ቸኮሌት ነው። ቸኮሌቱ አሜሪካ ውስጥ ለእናቶች ቀን ተዘጋጅቶ ሳይሸጥ የከረመ ነው። ትሪኒቲ የሚባል የካቶሊክ ወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርካሽ ይገዛውና ሐምራዊ ሪባኑን አስፈትቶ ለተማሪዎቹ ያድላል፤ ሸጣችሁ ገንዘቡን አምጡ ይላል። ተማሪዎቹ 400 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 50 ፓኮ ይደርሰዋል። ባለፈው ዓመት የደረሳቸው 25፣ ዋጋውም 1 ዶላር ነበር፤ ዘንድሮ ዋጋውም ብዛቱም በእጥፍ አድጓል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን “አልሸጥም” አለ።

ይህች አንዲት ቃል ትምህርት ቤቱን እንዴት እንዳመሰችው የሚተርከው “የቸኮሌት ጦርነት” የተባለው ልብ ወለድ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ኮርሚየር በ1974 አሳተመው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። መጽሐፉ ለወጣቶች የተጻፈ ቢሆንም፣ ሰው ከብዙኃኑ ላለመለየት ብሎ የገዛ ሐሳቡን እንዴት እንደሚውጥ ከብዙ የሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት በተሻለ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ኮርሚየር ማሳቹሴትስ ግዛት ሌሚንስተር በምትባል ከተማ ተወልዶ በ2000 እስካረፈ ድረስ ኑሮውን እዚያው ያደረገ ጋዜጠኛ ነበር። ከወጣት አንባቢዎቹ ጋር የነበረውን ቅርበት ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በሌላ ልብ ወለዱ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ የሚደውልበት ስልክ ቁጥር የራሱ የቤት ስልክ ነበር። ልጆች ይደውሉለታል፤ እሱም አንስቶ ያወራቸዋል።

የቸኮሌቱም ታሪክ ከቤቱ ነው የተነሳው። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚሸጥ ቸኮሌት ተሸክሞ መጣ። ቤተሰቡ ተመካከረበትና ልጁ ላለመሸጥ ወሰነ። በማግሥቱ አባትየው በመኪና ወስዶ ከነቸኮሌቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረደው። ምንም አልተፈጠረም። የተቆጣም ያሾፈም የለም። አባት ግን ልጁ ብቻውን ወደ በሩ ሲሄድ ሲያይ ሆዱ ባባ። ቢቆጡትስ? ጓደኞቹ ቢያድሙበትስ? መጽሐፉን ያስጻፈው ይህ ስጋት ነው።

በልብ ወለዱ ትሪኒቲ ውስጥ ሁለት መንግሥት አለ። አንደኛው የአስተዳደሩ ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት የተማራችሁ እንደምታውቁት፣ ገዳማውያኑ መምህራን ብራዘር ተብለው ነው የሚጠሩት። ርእሰ መምህሩ ታመው ስለተኙ ቦታውን የያዘው ምክትላቸው ብራዘር ሊዮን ነው። ቸኮሌቱን የገዛው በማይገባው የትምህርት ቤት ገንዘብ ነው፤ ካልተሸጠ ጉድ ይፈላበታል። ሁለተኛው መንግሥት የተማሪዎች ሥውር ማኅበር ነው። እኛ በአማርኛ “ትጉሃን” እንበላቸው። የማኅበሩ አንጎል አርቺ ኮስቴሎ ይባላል። አርቺ ማንንም በጥፊ መትቶ አያውቅም፤ ላብ ማየት ራሱ ይቀፈዋል። ሥራው ለተማሪዎች ግዳጅ መስጠት ነው።

ግዳጁ ምን እንደሚመስል ከአንዱ ተረዱት። ጉበር የሚሉት ረጅም፣ ሯጭ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ሌሊት ወደ 19 ቁጥር ክፍል ገብቶ የእያንዳንዱን ወንበርና ጠረጴዛ ብሎን እንዲያላላ ታዘዘ፤ ሲነኩት ብትንትን እንዲል፣ እስከዚያው ግን እንዲቆም አድርጎ። ጠዋት ተማሪዎች ሲገቡ ክፍሉ በአንዴ ፈረሰ። ተማሪው ሳቀ። መምህሩ ብራዘር ዩጂን ግን ፍርስራሹ መሃል ቆመው አለቀሱ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ሰው አልሆኑም። ጉበር ይህን ነገር ከሆዱ ሊያወጣው አልቻለም።

አርቺ ራሱ ነፃ አይደለም። ግዳጅ በሰጠ ቁጥር ከአንዲት ጥቁር ሳጥን ብይ ያወጣል። በሳጥኗ ውስጥ አምስት ነጭና አንድ ጥቁር ብይ አለ። ጥቁሩ ከወጣ ግዳጁን የሚፈጽመው እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ 400 ተማሪ ለምን ይታዘዛል? መጽሐፉን በጥሞና ስታነቡት የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ፤ ነገሩን የሚወደው ሰው የለም። የማኅበሩ ጸሐፊ ኦቢ አርቺን ይጠላዋል። ሊቀ መንበሩ ካርተር ቡጢ የሚወድ ግልጽ ልጅ ነው፤ የአርቺ ተንኮል ያቅለሸልሸዋል። ተማሪው ቸኮሌት ይዞ የሰው በር ማንኳኳት ሰልችቶታል። ግን እያንዳንዱ ግራ ቀኙን ሲያይ ሌላው ዝም ብሏል፤ ስለዚህ ሌላው ተስማምቷል ብሎ ይደመድማል። የሱ ዝምታ ደግሞ ለጎረቤቱ ማስረጃ ይሆናል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ትሪኒቲ ውስጥ ግን ነቀዘ።

“አልሸጥም” ያለው ልጅ ጄሪ ሬኖ ነው። እናቱ በካንሰር ከሞተች ገና ዓመት አልሞላም። አባቱ ፋርማሲስት ነው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ በመሃሉ ኑሮ ያለ አይመስልም። ጄሪ የአባቱን ሕይወት አይቶ “እኔስ እንዲህ ልሆን ነው?” ብሎ ይደነግጣል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ እምቢ ያለው በራሱ ፈቃድ አልነበረም። ትጉሃን ናቸው “ለአሥር የትምህርት ቀን አልቀበልም በል” ብለው ያዘዙት። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ግዳጁ አበቃ፤ ሁሉም እፎይ ሊል ነው። ብራዘር ሊዮን ስሙን ጠራ። ጄሪም፣ ለምን እንደሆነ ለራሱ እንኳ በቅጡ ሳይገባው፣ አሁንም “አልሸጥም” አለ። ይህ ነው የመጽሐፉ እምብርት። በታዛዥነት የተሰጠ እምቢታ አንድ ቀን የራሱ ሆነ።

ያ የስም ጥሪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ፣ በፊደል ተራ። መምህሩ ስም ይጠራል፣ ተጠሪው ጮክ ብሎ ይመልሳል። አንተ ጋ እስኪደርስ ድረስ ያንኑ መልስ ደጋግመህ ሰምተሃል።

ይህን የስም ጥሪ የሚመስል ሙከራ ልብ ወለዱ ከመታተሙ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተደርጓል። ዋርሶ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰለሞን አሽ፣ ሰባት ስምንት የኮሌጅ ወጣቶችን አንድ ክፍል ያስቀምጣል። አንድ መስመር ያሳያቸዋል፤ ቀጥሎ ሦስት መስመሮች ያሳይና ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው እንደሆነ በየተራ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቃል። ሕፃን የማይስተው ጥያቄ ነው። ተንኮሉ ግን ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከአሽ ጋር የተመካከሩ መሆናቸው ነው። ከ18ቱ ጥያቄ በ12ቱ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምስጢሩን የማያውቀው ወጣት ተራው የሚደርሰው መጨረሻ አካባቢ ነው። ላብ ላብ ይለዋል፣ ይቅበጠበጣል፣ ዓይኑን ይጠራጠራል።

አሽ በ1955 ባወጣው ጽሑፍ የ123 ወጣቶችን ውጤት አቅርቧል። ለብቻቸው ሲጠየቁ ከመቶ አንዴ እንኳ የማይሳሳቱት ሰዎች፣ በሌሎች ፊት ሲሆን በ36.8 በመቶ መልሳቸው ከስህተተኛው ብዙኃን ጋር ሄዱ። ከአራቱ አንዱ ግን እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላለም። እነዚህ ቁጥሮች በሰፊው ይታወቃሉ። የበለጠ ሊታወቅ የሚገባው ቀጥሎ ያለው ነው። አሽ ከቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ሲያደርግ፣ የተሞካሪው መሸነፍ ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ነው የተጨመረው። ግን ያ ሰው በመሃል ከድቶ ከብዙኃኑ ጋር ሲሰለፍ፣ የተሞካሪው ስህተት ወዲያው ተመልሶ አሻቀበ። አጋሩ ጉዳይ ገጥሞኛል ብሎ ከክፍሉ ሲወጣ ግን እንዲያ አልሆነም፤ ያስተማረው ድፍረት ከሄደም በኋላ በተወሰነ ደረጃ አብሮት ቆየ። መሄድና መክዳት አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ትሪኒቲ እንመለስ።

ብራዘር ሊዮን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቤይሊ የተባለውን ጎበዝ ተማሪ ያስነሳዋል። ቤይሊ በሁሉም ትምህርት እንከን የለሽ ውጤት ያመጣል። “ፍጹም የሆነ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ አንተ ራስህን ከእግዚአብሔር ታስተያያለህ?” እያለ ሊዮን ያፋጥጠዋል። ኮርጀሃል ይለዋል። በእጁ ባለው መጠቆሚያ ዱላ ጉንጩን ይነካዋል፤ ሰንበር ይወጣበታል። መምህሩ ጣል በሚያደርጋት ቀልድ ሁሉ ክፍሉ ይስቃል፤ ቤይሊ የቆመው ብቻውን ነው። በመጨረሻ ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ “ልጁን ተወው” የሚል ቃል ያጉረመርማል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ያኔ ሊዮን ፊቱን ወደ ክፍሉ ያዞርና ዱብ ዕዳ ያወርዳል። እውነተኛው አጭበርባሪ እናንተ ናችሁ፤ ቤይሊ በእውነቱ ጸና፣ እናንተ ግን ተዝናናችሁበት፣ ለጥቂት ደቂቃ ይህን ክፍል የናዚ ጀርመን አደረጋችሁት ይላቸዋል። የተሰማችው ድምፅም ዘግይታለች፣ አንሳለች ይላል።

ይህን ቦታ ሳነብ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሊዮን የተናገረው እውነት ነው! ነገር ግን እውነቱን የተናገረው ግፉን ራሱ ከፈጸመ በኋላ ነው፤ ስለ መንጋነት ያስተማረው መንጋውን ለመግራት ነው። ከዚያ ትምህርት ልጆቹ የቀሰሙት ድፍረት አይደለም፤ መምህሩ በፈለገው ሰዓት ማንንም ማስነሳት እንደሚችል ነው። ስለዚህ መምህራን፣ ስለ ነፃ አስተሳሰብ ማስተማር ብቻውን ለምንም ዋስትና አይሆንም፤ ማን፣ በምን መንገድ እንደሚያስተምረው መታየት አለበት።

ጄሪ እምቢ ባለባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ብዙ ልጅ አድንቆት ነበር። ኮሪደር ላይ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ “ጀግና ነህ” ይሉታል። የሌሎችም ሽያጭ ቀዘቀዘ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ግን አብሮት “እኔም አልሸጥም” ያለ አንድም አልተገኘም። አድናቆቱ ሁሉ በሹክሹክታ፣ በየግል ነበር። ሊዮን ደነገጠና ትጉሃንን ለመናቸው፤ እነሱም ሽያጩን ፋሽን አደረጉት። ካርተርና ጓደኞቹ በቡድን እየወጡ ይሸጡና የሽያጩን ቁጥር ለሌሎች ልጆች ያስመዘግቡላቸዋል። አዳራሹ ሰሌዳ ላይ የስም ዝርዝር ወጣ። 50 የሞላለት ይጨበጨብለታል። የትምህርት ቤት ፍቅር፣ አንድነት፣ መንፈስ የሚሉ ቃላት በረከቱ። እኛም ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ድሩ ሲያብር ልጅም ያስራል።

አሁን ወደ ጉበር ልምጣ፤ ለኔ የታሪኩ ዋና ሰው እሱ ነው። ጉበር የጄሪ ወዳጅ ነው። ለጄሪ ሲል፣ ለማንም ሳይናገር፣ መሸጡን አቆመ። እስከዚያ የሸጠው 27 ፓኮ ነበር። አንድ ቀን ከአዳራሹ ሆታ ይሰማል፤ ሰሌዳው ላይ በስሙ ትይዩ 50 ተጽፏል። ሌላው ያልሸጠውን ሸጦለታል። ልጆቹ እያጨበጨቡ ነው። ጉበር “ይህ ውሸት ነው፣ እኔ የሸጥኩት 27 ነው፣ ያቆምኩትም ከጄሪ ጋር ነው” ማለት ይችል ነበር። አላለም። ዝም ብሎ ወጣና ካቢኔቱ አጠገብ ቆሞ አለቀሰ።

አሽ እንዳየው አንድ አጋር መሸነፍን ወደ ሩብ ያወርዳል፤ አጋርነቱ ግን መሰማት አለበት። የጉበር እምቢታ በልቡ ነበር፤ ጄሪ ስም ሲጠራ የሚሰማው ግን የአፍ ቃል ብቻ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ምናልባት ከሁሉም ደጉ እሱ ነው። ይሉኝታ ያዘው፣ በጭብጨባው መሃል ድምፅ ማሰማት ከበደው። ከእኛስ ስንቶቻችን ነን በጭብጨባ መሃል “ተሳስታችኋል፣ ይህ ጭብጨባ አይገባኝም” ያልን?

ቀሪውን ባጭሩ ልናገረው፤ መጨረሻውን ሳላውቅ ማንበብ እፈልጋለሁ የሚል አድማጭ ለሁለት ደቂቃ ድምፁን ይቀንስ። ጄሪን በስልክ ያስጨንቁታል፣ ካቢኔቱን ይሰብሩበታል፣ ይደበድቡታል፤ ከዚያም እንደሌለ ይቆጥሩታል፣ በአጠገቡ ሲያልፉ የሚያየው የለም። በመጨረሻ አርቺ በሎተሪ የሚካሄድ የቡጢ ግጥሚያ ያዘጋጃል። ትኬት የገዛ ተማሪ ማን ማንን የት እንደሚመታ ይጽፋል፤ ጄሪና ኤሚል ጃንዛ የተባለው ጉልበተኛ ቆመው የታዘዙትን ይፈጽማሉ። ጥቁሯ ሳጥን ትመጣለች፤ አርቺ ሁለት ጊዜ ነጭ ብይ ያወጣል። ጄሪ ወደዚያ መድረክ የወጣው ለመበቀል ነው። ሲመታና ሕዝቡ ሲጮህለት ደስ አለው፤ በዚያችው ቅጽበት እንደነሱ መሆኑ ገባው። ተቀጥቅጦ በአምቡላንስ ሲወሰድ ለጉበር ሊነግረው የፈለገው፣ የሚሉህን አድርግ፣ ዓለሙን አትረብሽ የሚል ነበር። አርቺ አልተቀጣም።

ኮርሚየር የእጅ ጽሑፉን ያቀረበላቸው በርካታ አሳታሚዎች ይህን መጨረሻ አልወደዱትም፤ ልጆችን ተስፋ ያስቆርጣል፣ አስተካክለው አሉት። እምቢ አለ። እሱ ግን ከጄሪ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። የጽሑፍ ወኪሉ ማሪሊን ማርሎው ከጎኑ ቆማ፣ መጽሐፉ እንዳለ ይውጣ አለች። በመጨረሻ ፓንቴዎን የተባለው አሳታሚ እንዳለ ተቀበለው። በኋላም ብዙ ወላጆች መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይውጣልን ብለው አመልክተዋል፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለ2004 ባወጣው ዝርዝር ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንደኛ ነበር። ለኔ ግን ያ መጨረሻ ትክክል ነው። ጄሪ ቢያሸንፍ ኖሮ እያንዳንዱ አንባቢ ራሱን ጄሪ አድርጎ መጽሐፉን ይዘጋ ነበር። ስለተሸነፈ ነው ሌሎቹ የት ነበሩ ብለን ለመጠየቅ የምንገደደው።

ነገሩ በተማሪዎች ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት 1,400 የሚሆኑ የኩባ ስደተኞችን ለወረራ ወደ ኩባው አሳማ ባሕረ ሰላጤ ላከ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ተሸነፉ፣ አብዛኞቹ ተማረኩ። ከአማካሪዎቹ አንዱ የታሪክ ሊቁ አርተር ሽሌሲንገር ጥርጣሬ ነበረው፤ በስብሰባው ላይ ግን ድምፁን አላሰማም፤ በኋላም በዝምታው ራሱን እንደወቀሰ ጽፏል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢርቪንግ ጃኒስ ይህንና ሌሎች ውሳኔዎችን መርምሮ በ1972 “የቡድን አስተሳሰብ” ያለውን ችግር የሚተነትን መጽሐፍ አወጣ። ከወረራው ዓመት ተመንፈቅ በኋላ፣ በኩባው የሚሳይል ቀውስ ጊዜ፣ ኬኔዲ ትምህርት ወስዶ ነበር፤ አማካሪዎቹ በነፃነት እንዲከራከሩ ሲል ከአንዳንዱ ስብሰባ ራሱ ይቀር ነበር።

ለክፍል ከዚህ የሚገኝ ቀላል ዘዴ አለ። አሽ ተሞካሪው መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፍ ሲያደርግ ተጽዕኖው በጣም ቀንሷል። “የሚቃወም አለ?” ብሎ እጅ ማስወጣት ጥያቄ አይደለም፤ የብራዘር ሊዮን የስም ጥሪ ነው። መምህር የራሱን አስተያየት መጨረሻ ላይ ይናገር፣ ተማሪው መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይከራከሩ። የክበብ ሰብሳቢዎችም፣ የወላጅ ኮሚቴዎችም እንዲሁ።

ለሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ተማሪዎች፣ ጉበር ያን ሰሌዳ ባየበት ሰዓት ምን ማለት እንደነበረበት፣ እናንተ ብትሆኑ ደግሞ በእርግጥ ምን ትሉ እንደነበር በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ሁለቱ መልስ ላይገጥም ይችላል፣ አይግጠም። ከጓደኛችሁ ጋር ሳትመካከሩ ጻፉ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን ለማግኘት የምትችሉም አንብቡት፤ በ1988 የተሠራው ፊልም ግን መጨረሻውን ስለለወጠው መጽሐፉን አስቀድሙ።